«ያቆመ ሰው ወይን አይጣፍጠውም» ለሚል ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «ሲጋራ ያቆመ ሰው ወይን አይጣፍጠውም» ይላል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ለዓመታት ያጨሰ ሰው ምላሱ ሞቷል፤ ቢያቆምም አይመለስለትም፤ እንዲያውም ካቆመ በኋላ ቀይ ወይን ኮምጣጤ ይሆንበታል፤ ስለዚህ ወይን የሚወድ ሰው ወይ ከነሲጋራው ይቀጥል፣ ወይ ጣፋጩን በኮካ እየቀላቀለ ይጠጣ። ጸሐፊው ያዩትን ነገር አልፈጠሩትም። ሲጋራ ካቆሙት መካከል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ወይኑ ተበላሸብኝ» የሚሉ አሉ። ችግሩ ለምን እንደተበላሸባቸው ሲያስረዱ ነው። ምክራቸው ደግሞ ሰውን ወደ ሲጋራ የሚመልስ ስለሆነ ነጥብ በነጥብ መመለስ ግድ ሆነ።

የሚነሡት «ምላስ አንዴ ከተቃጠለ አይመለስም» ከሚለው ነው። በምላስ ላይ ጣዕም የሚለዩት ሕዋሳት ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ በአማካይ በ10 ቀን ገደማ ያልቁና አዲስ ይተካባቸዋል። ይህ በሚያጨሰውም በማያጨሰውም ሰው ላይ አይቋረጥም። ሲጋራ የሚያደርገው አዲስ የመጡትን እንደገና ለጢስ፣ ለሙቀትና ለኒኮቲን ማጋለጥ ነው፤ በዚያ ላይ ወደ ምላስ የሚሄደውን ደም ያሳንሳል፣ ምራቅን ይለውጣል። ሲጋራው ሲቀር አዲሶቹ ሕዋሳት ያለ ጢስ ያድጋሉ። ሁሉም የምላስ ክፍል ግን እኩል አይፈጥንም። በፈረንሳይ ያቆሙ ሰዎችን ምላስ በቀላል የኤሌክትሪክ ፍሰት የለኩ ተመራማሪዎች አንዳንዱ ቦታ በሁለት ሳምንት፣ ሌላው ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ስሜቱ ሲመለስ አይተዋል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ወይንን የምላስ ጉዳይ ብቻ ማድረጋቸው ነው። ምላስ የሚለየው ጣፋጭ፣ ጨዋማ፣ ኮምጣጣ፣ መራራና የሥጋ መረቅ ዓይነቱን ጣዕም ነው። ቀይ ወይን ውስጥ የሚሰማው የእንጆሪ፣ የቁንዶ በርበሬ፣ የቫኒላ ወይም የቆዳ ሽታ ከአፍ ጀርባ ወደ አፍንጫ በሚወጣው አየር የሚመጣ ነው። ማረጋገጡ ቀላል ነው። አፍንጫን በሁለት ጣት ጨብጦ አንድ ጉንጭ ወይን አፍ ውስጥ መያዝ፤ አምስት ሰከንድ ቆይቶ መዋጥ፤ ከዚያ አፍንጫውን ለቆ በአፍንጫ መተንፈስ። እስኪለቀቅ ድረስ ያለው ኮምጣጣ፣ ትንሽ መራራና አፍ የሚያደርቅ ፈሳሽ ብቻ ነው። ሲለቀቅ የሚመጣው ሁሉ የአፍንጫ ሥራ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ምላሱ ተመለሰ ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «አፍንጫውስ?» ነው። አፍንጫ ከምላስ ይዘገያል። የማሽተት ሕዋሳትም ራሳቸውን ያድሳሉ፤ ነገር ግን በሳምንታትና በወራት እንጂ በቀናት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ የ638 ሰዎች ጥናት፣ የሚያጨሱ ሰዎች የማሽተት ጉድለት የሚታይባቸው አጭሰው ከማያውቁት ወደ እጥፍ በተጠጋ መጠን መሆኑን አሳይቷል። በዚሁ ጥናት ያቆሙት ሰዎች አፍንጫ ጊዜ በሄደ ቁጥር ተሻሽሏል፤ ምን ያህል ጊዜ የሚለው ግን በቀን ስንት ሲጋራ ለስንት ዓመት እንደተጨሰ ይለያያል። ለብዙ ዓመት በቀን አንድ ፓኮ ያጨሰ ሰው ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። ጸሐፊው «አይመለስም» ያሉት የሚዘገየውን ነገር እንደቀረ ቆጥረው ነው።

ቀጥሎ «የሚመለስ ቢሆን ኖሮ በሁለት ቀን በተመለሰ ነበር፤ የጤና በራሪ ወረቀቶቹ እንደዚያ ይላሉ» የሚል አለ። በራሪ ወረቀቶቹ እውነት ይላሉ፤ የሚሉት ግን መሻሻል ይጀምራል ነው። በሁለት ቀን ውስጥ በደም ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ማያጨስ ሰው ደረጃ ይወርዳል፤ ኒኮቲንም ግማሹ በሁለት ሰዓት ገደማ ስለሚወጣ በሁለት ሦስት ቀን አብዛኛው ይጸዳል። ይኸው ሁለተኛና ሦስተኛ ቀን ደግሞ አምሮቱ የሚበረታበት ነው። ሰውየው ተቆጥቷል፣ እንቅልፍ አጥቷል፣ ሐሳቡ አይሰበሰብም። በዚያ ቀን የተቀመሰ ወይን ስለ ምላስ የሚነግረን ነገር የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በሦስተኛው ቀን ፍርድ መስጠት ለማንም አይጠቅምም። የመጀመሪያውን ግምገማ ከአራተኛው ሳምንት በፊት፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው ወር በፊት አለማድረግ ይሻላል።

እስከዚያው አፍንጫን ማሠራት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመን የድሬስደን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ዘዴ አለ፤ የተሠራው በሌላ ምክንያት ማሽተት ለጠፋባቸው ሕሙማን ነው እንጂ ለአጫሾች ተብሎ አይደለም፤ ጉዳት ግን የለውም፣ ወጪውም ትንሽ ነው። አራት ሽታዎች ይመረጣሉ፦ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ። ሎሚና ቅርንፉዱ ከሰኞ ገበያ፣ ባሕር ዛፉ ከደጅ ይገኛል፤ ጽጌረዳ ከጠፋ ጤና አዳም ይተካው። እያንዳንዱን በክዳን በሚዘጋ ትንሽ ብልቃጥ ማስቀመጥ፣ ጠዋትና ማታ እያንዳንዱን ለ10 ሰከንድ ያህል ማሽተት፣ ሲያሸቱም ስሙን በልብ መጥራት። ይህ ለ12 ሳምንት ነው። ቅርንፉዱ በየሁለት ሳምንቱ፣ ሎሚው በየሦስት ቀኑ ይቀየር፤ የደረቀ ሎሚ እያሸተቱ «አፍንጫዬ ሞቷል» ማለት ትርፉ ድካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክስ፦ «ካቆምኩ በኋላ ቀይ ወይን ኮምጣጤና ሻካራ ሆነብኝ» የሚለው። ጸሐፊው የምላስ መበላሸት ማስረጃ ያደረጉት ይህን ነው። ወይን መቼም ቢሆን ኮምጣጣ ነው፤ የአሲድ መለኪያው ፒኤች ብዙውን ጊዜ በ3 እና በ4 መካከል ነው። አጫሹ ያልሰማው ነገር አሁን ተሰማው ማለት ነው። ነገር ግን ሁሉንም በዚህ መዝጋት አይቻልም፤ ካቆሙ በኋላ ኮምጣጣነቱን ከልኩ በላይ የሚያጎሉ ሌሎች ነገሮችም አሉ፣ አንድ በአንድ መፈተሽ ያለባቸው።

አንዱ ከረሜላ ነው። ሲጋራ ያቆመ ሰው ኪሱ ከረሜላና ማስቲካ አይለየውም። አፍ በስኳር ከለመደ በኋላ የሚቀመስ ደረቅ ወይን፣ ማለትም ስኳሩ በሊትር ከ4 ግራም በታች የሆነው፣ ሎሚ ይሆናል። የጥርስ ሳሙና ደግሞ ይብሳል፤ አረፋ የሚያስወጣው ንጥረ ነገር የጣፋጭን ስሜት ለጊዜው አፍኖ መራራውን ያጎላል። ከሁለቱም በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት መጠበቅ ነው። ለአምሮት ማብረጃ ከከረሜላ ይልቅ መፋቂያ ይሻላል፤ አፍን ያሠራል፣ ስኳር የለውም። ሆኖም መራራ እንጨት ከሆነ ከወይኑ ግማሽ ሰዓት በፊት ማስቀመጥና አፍን በውኃ መጉመጥመጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የአፍ ቁስል ነው። ባቆሙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አፋቸው ውስጥ ትንንሽ ነጫጭ ቁስል የሚወጣባቸው ብዙ ናቸው። የታወቀ ነገር ነው፤ በራሱ ይድናል። ቁስሉ ላይ አሲድና 13 በመቶ አልኮል ሲፈስበት ያቃጥላል፤ ያንን ማቃጠል የወይኑ ጥፋት ማድረግ አይገባም። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል ግን፣ በተለይ አጭሶ በሚያውቅ ሰው ላይ፣ ለሐኪም መታየት አለበት።

ሦስተኛው ሙቀት ነው፤ እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ አንድ አይደሉም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በሐረጎ ቁልቁለት ተወርዶ የሚገኘው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ልዩነት የክፍሉ ሙቀት ይለወጣል። ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይወዳል። ደሴ በክረምት ቁም ሳጥን ውስጥ የቆየ ጠርሙስ ያለ ምንም ሥራ እዚያው አካባቢ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ይወርዳል፣ ሲበርድ ደግሞ አፍ የሚያደርቀው ነገር ይጎላል፤ ብርጭቆውን በሁለት መዳፍ አቅፎ አምስት ደቂቃ መያዝ ይበቃዋል። ኮምቦልቻ በግንቦት ከቀትር በኋላ ጠርሙሱ 25 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሙቀት አልኮሉ ቀድሞ ይወጣና አፍንጫን ይወጋል። ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ፣ ወይም በረዶና ውኃ በተቀላቀለበት ባልዲ ውስጥ 10 ደቂቃ ማስቀመጥ ነው። ነጭ ወይን ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ከመቅመስ 10 ደቂቃ በፊት ይወጣል።

አራተኛው ምግብ ነው። አፍን የሚያደርቀው ታኒን የሚባለው ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚወጣ ነገር ነው፤ ከምራቅ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ምራቁን ስለሚያጠፋው ምላስና ድድ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። በትክክል ከተባለ ታኒን ጣዕም አይደለም፣ መዳሰስ ነው። ፕሮቲንና ስብ ያለበት ምግብ ታኒኑን ቀድሞ ይይዘዋል፤ ጨው መራራነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በቅቤ የተጠበሰ፣ በርበሬው የቀለለ ለስላሳ ጥብስ ወይም አይብ ለቀይ ወይን ይስማማል። አዋዜና ሚጥሚጣ ግን ሌላ ነገር ናቸው። የቃሪያና የበርበሬ ማቃጠል የሚሰማበት የነርቭ መቀበያ አልኮልንም የሚሰማው ያው ስለሆነ ሁለቱ ይደራረባሉ። ሲያጨስ ይህ ሁሉ የደነዘዘለት ሰው ካቆመ በኋላ ያንኑ ቀይ ወጥ ከደረቅ ቀይ ወይን ጋር ሲያገናኝ አፉ ይነድዳል። ቃጠሎ ላለበት ማዕድ ቀዝቀዝ ያለ፣ አልኮሉ የቀለለ፣ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ነጭ ይሻላል። በጾም ሽሮ ቢሆንም በርበሬው ነው የሚወስነው።

አምስተኛው፣ ወይኑ በእውነት ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ በፊትም የተበላሸ ይጠጣ የነበረ ሰው አሁን አወቀው ማለት ነው። የኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ካለው ወደ አሴቲክ አሲድ ዞሯል። ቀዩ ወደ ቡኒ ሄዶ የተቀጠቀጠና የጠቆረ ፖም የሚሸት ከሆነ አየር ገብቶበታል። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ቡሹ በክሎታል፤ ይህ የሚሆነው በጥቂት ቢሊዮንኛ ግራም በሊትር ስለሆነ የአጫሽ አፍንጫ በቀላሉ ያልፈዋል። ቡሹ ከአንገቱ ወደ ላይ ገፋ ብሎ ከተገኘ ጠርሙሱ ሙቀት መቶታል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ብቻ ተስፋ አለው፤ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጦ 20 ደቂቃ አየር ማስነካት ነው። ሲገዙ በመስታወት በኩል ፀሐይ ከሚመታው መደርደሪያ ይልቅ ከውስጥ ያለውን መጠየቅ፤ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ቡሹን መልሶ ፍሪጅ ውስጥ አቁሞ ከሦስት እስከ አምስት ቀን መጨረስ። ኮምቦልቻ ላይ ከፍሪጅ ውጭ የተተወ የተከፈተ ጠርሙስ በማግሥቱም ላይተርፍ ይችላል።

እነዚህን አምስቱን ሳይፈትሹ «ጣፋጩን በኮካ» ማለት ችግሩን መሸፈን ነው። አክሱማይትን ለሚወድ ሰው ክፉ ነገር አንናገርም፤ ጣፋጭ ወይን የራሱ ቦታ አለው። ጉደርን ከኮካ ጋር መቀላቀል ግን የተለየ ነው። ኮካ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ተኩል ያህል ስኳር አለው፤ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ 200 ሚሊ ሊትር ከሁለት የሻይ ማንኪያ በላይ ስኳር ይሆናል። ኮካው ራሱ ከወይኑ ይበልጥ አሲድ ነው፤ ስኳሩ ስለሚሸፍነው ብቻ አይሰማም። ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ አራት አምስት ኪሎ እንደሚጨምርም እዚህ ላይ ማስታወስ ጥሩ ነው።

ስኳር አሲድን እንዴት እንደሚሸፍን ለማየት ወይን እንኳ አያስፈልግም፤ ስለዚህ አልኮል የማይነካ ሰውም ቢሆን ምላሱን መፈተሽ ይችላል። በአንድ ሊትር ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፤ በሌላ ሊትር ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፤ በሦስተኛ ዕቃ በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ከረጢት 10 ደቂቃ ተዘፍዝፎ የቀዘቀዘ። የመጀመሪያው የወይኑን ኮምጣጣነት፣ ሦስተኛው ታኒኑን ያስተምራል። ለየብቻ ቀምሶ ከዚያ ሎሚውንና ስኳሩን እኩል ቀላቅሎ መቅመስ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ። የስኳሩ ውኃ ከተራ ውኃ የማይለይ ከነበረና በአምስተኛው ሳምንት ከተለየ፣ ምላሱ እየሠራ ነው።

«ሲጋራና ቀይ ወይን በተፈጥሯቸው ይስማማሉ፤ ጢሱ ሻካራውን ያለሰልሰዋል» ሲሉም አንድ እውነት ተናግረዋል። ይለሰልሳል። ምክንያቱ ግን ጢሱ ራሱ መራራ በመሆኑ ነው፤ ከመራራ ነገር ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ጣፋጭ ይመስላል። በዚያ ላይ ኒኮቲን የአፍን የመቆጥቆጥ ስሜት ያደነዝዛል። ይህ ስምምነት አይደለም፤ አንዱ ሌላውን ማፈን ነው። ከጤና አንጻር ደግሞ ሲጋራና አልኮል በአፍ፣ በጉሮሮና በምግብ ቧንቧ ካንሰር ላይ አንዱ የሌላውን አደጋ ያባዛሉ እንጂ ተደምረው አይቆሙም።

ጢስን በተመለከተ ጸሐፊው ያልነኩት፣ ቢነኩት ኖሮ የሚጠቅማቸው ነገር አለ። ቀይ ወይን የሚቆይበት የባሉጥ እንጨት በርሜል ውስጡ በእሳት ስለሚጠበስ ጓያኮል የሚባል ጢስ ጢስ የሚል ውሁድ ለወይኑ ይሰጣል። የሲጋራ ጢስ ውስጥም ይኸው አለ። ቀኑን ሙሉ በዚህ ሽታ ውስጥ የሚውል አፍንጫ ስለሚለምደው ከወይኑ ላይ አይሰማውም፤ ሲያቆም ይሰማዋል፣ አንዳንዱም «ወይኑ ሲጋራ ሲጋራ ይላል» ብሎ ጠርሙሱን ይመልሳል። ወሎ ላይ ይህን ሽታ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በወይራ የታጠነ የጠላ ጋን የሚሰጠው ሽታ ዘመዱ ነው። ልኩን የጠበቀ ከሆነ የበርሜል ሥራ ነው። ከዋጡ በኋላ አመድ አመድ የሚል ጣዕም አፍ ውስጥ እየጨመረ ከሄደ ግን ፍሬው ተክሉ ላይ ሳለ ከሰደድ እሳት ጢስ የጠጣ ሊሆን ይችላል።

«ታላላቅ ቀማሾች ያጨሳሉ» ለሚለው ብዙ መድከም አያስፈልግም። የሚያጨሱ ጎበዝ ቀማሾች አሉ፤ ቅምሻ ግማሹ ትውስታና ልምምድ ነው፤ የሠለጠነ አጫሽ ካልሠለጠነ የማያጨስ ሰው ቢበልጥ አይገርምም። ከእነሱም ብዙዎቹ ከቅምሻ በፊት አያጨሱም።

ከቅምሻ በፊት «የቡና ፍሬ አሽትቶ አፍንጫን ማጽዳት» የሚለው ምክርም በሙከራ ተፈትሾ ከተራ አየር የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። የራስን ክንድ ወይም የልብስ እጅጌ ማሽተት ይበቃል፤ ልብሱ የሲጋራ ሽታ ከሌለበት ማለት ነው። እኛ ዘንድ የሚያስቸግረው ቡናው ሲቆላና ዕጣኑ ሲጤስ ነው። ቡና የተፈላበት ክፍል ውስጥ ወይን ለመቅመስ ቢያንስ አንድ ሰዓት መስኮት ከፍቶ ማናፈስ፣ ካልሆነም ክፍል መቀየር ነው። ሚንት ማስቲካማ ጭራሽ አይሆንም። የጫት ምርቃና ለማብረድ፣ ለጨብሲ የሚጠጣ ወይንም ለፍርድ አይቀርብም፤ ጫቱ ራሱ አፍ የሚያደርቅ ታኒን አለው።

አሁን ወደ አደገኛው ምክር እንምጣ፦ «ማታ ማታ አምሮቱ ሲመጣ አንድ ብርጭቆ ወይን ይተካዋል።» አይተካም። ያቆሙ ሰዎችን መልሰው ወደ ሲጋራ ከሚጥሉት ነገሮች አልኮል ከግንባር ቀደሞቹ ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። አልኮል «አንድ ብቻ» የሚለውን የሚያስቆመውን አእምሮ ያላላል፤ ደግሞም ብርጭቆው ራሱ ለዓመታት ከሲጋራ ጋር ስለተያዘ እጅ በልማድ ወደ ኪስ ይሄዳል። አምሮት አንዴ ሲነሣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ አንድ ብርጭቆ ወይን ግን ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ለአምስት ደቂቃ ችግር ግማሽ ሰዓት ፈተና መግዛት ምን ይባላል?

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ወይን አይነካ። አምሮቱ ሲመጣ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ በቀስታ መጠጣት፣ መፋቂያ መያዝ፣ ከተቀመጡበት ተነሥቶ መሄድ። ወደ ወይን ሲመለሱ መጀመሪያ በቤት፣ ከምግብ ጋር፣ ከማያጨስ ሰው ጋር ይሁን። መጠኑ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር፤ ለቅምሻ ብቻ ከሆነ 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በፊት ሲያጨሱ የሚቀመጡበትን ወንበር መቀየር፣ ከሻይ ብርጭቆ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ወዳለ እግር ያለው ብርጭቆ መዞር፣ ከሲሶው በላይ አለመሙላት። ይህ ሽታውን ይሰበስባል፤ በተጨማሪም እጅ የለመደውን አያያዝ ያስረሳል። ከቤት ውጭ ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በቤት ውስጥ ባለ የሕዝብ ቦታ ማጨስ ክልክል መሆኑን ማስታወስ፤ ከአጠገብ ለሚጨስ ሲጋራ አስተናጋጁን መጥራት ነውር አይደለም። አጫሾች ተሰብስበው ወደ ደጅ ሲወጡ አብሮ አለመውጣት ግን የራስ ፈንታ ነው።

ሲጋራ ለማቆም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ አላቸው። የኒኮቲን ማስቲካ የሚያኝክ ሰው ከማኘኩ 15 ደቂቃ በፊትና እያኘከ ሳለ ወይን፣ ቡናም ሆነ ጭማቂ መጠጣት የለበትም፤ አሲዱ ኒኮቲኑ በአፍ በኩል እንዳይገባ ያደርገዋል፤ ማስቲካው ከንቱ ይሆናል፣ አምሮቱም ይቀጥላል። ቫሬኒክሊን የታዘዘለት ሰው ለወትሮው የሚችለው አልኮል ሊያሰክረው ይችላል። ቡፕሮፒዮን ከአልኮል ጋር የሚጥል ሕመም አደጋን ይጨምራል። ሁለቱም ጣዕምን ሊለውጡ ይችላሉ፤ መድኃኒቱ ሳያልቅ በወይን ላይ መፍረድ አይገባም።

«ያው አንድ ብርጭቆ አሁን ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሣል» የሚለውን ክስ ስናነብ ግን ጸሐፊው ተጠያቂውን ከአጠገባቸው አስቀምጠው አላዩትም አልን። ተጠያቂው ቡና ነው። የሲጋራ ጢስ ጉበት ውስጥ ካፌይንን የሚያቃጥለውን ኢንዛይም ያበዛዋል፤ አጫሽ ካፌይንን ከማያጨስ ሰው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት ያስወግዳል። ሲያቆም ኢንዛይሙ በጥቂት ቀናት ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ያው አቦል፣ ቶናና በረካ ግን በደም ውስጥ ሁለት እጥፍ ያህል ይከማቻል። ደሴ ላይ የከሰዓቱን ቡና እስከ በረካ ጠጥቶ ማታ ወይን የያዘ ሰው ልቡ ቢመታ፣ እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ሌሊቱን ቢገላበጥ አይገርምም። ከዚህም በላይ ቁጡነቱንና መረበሹን የኒኮቲን እጦት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ሲጋራ ይፈልጋል። አብሽሩ፣ ቡና ይቅር አላልንም። በመጀመሪያው ሳምንት መጠኑን በግማሽ መቀነስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ አለመጠጣት ይበቃል፤ ቡና ጠሪዋን እናት ላለማስቀየም አቦልን ጠጥቶ ቀሪውን በምስጋና ማሳለፍ ይቻላል። ከወይኑ በኩልም አንድ ነገር አለ፤ ኒኮቲን አነቃቂ ስለሆነ የአልኮልን የማደንዘዝ ስሜት ይሸፍን ነበር። አሁን ያ ሽፋን የለም። ብርጭቆው ያው ነው፣ የሚሰማው ግን ሙሉው ነው።

ጸሐፊው ሲጨርሱ «ያላመነ አንድ ሲጋራ ከወይኑ ጋር ይሞክር፤ ጣዕሙ ሲመለስ ያያል» ይላሉ። ይህ ፈተና አይደለም፤ የተራበን ሱስ ማጉረስ ነው፤ የሚሰማው እፎይታም የኒኮቲኑ እንጂ የወይኑ አይደለም። አፍና አፍንጫ መሥራታቸውን ማወቅ የፈለገ ሰው ሲጋራ የማያስፈልገው ፈተና ይኸውና። በዋጋ የሚቀራረቡ ሁለት ደረቅ ቀይ ወይኖችን መግዛት፤ ለምሳሌ አንዱ ጉደር፣ ሌላው ከዝዋይ የሚመጣው ሪፍት ቫሊ። ሌላ ሰው በሦስት አንድ ዓይነት ብርጭቆዎች እያንዳንዳቸው 20 ሚሊ ሊትር ይቅዳ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። ቀማሹ ሲቀዳ አይይ፤ ቀለማቸው ከተለያየ ብርሃኑን ማደብዘዝ ወይም ዓይን መሸፈን። ሦስቱን ከግራ ወደ ቀኝ ቀምሶ፣ በመካከል አፍን በውኃ አጥቦ፣ የተለየው የቱ እንደሆነ ይናገር። የቀመሱትን መትፋት ነውር የለውም፤ ካልተተፋ በመጨረሻው ዙር ላይ የሚፈርደው አልኮሉ ነው። ይህ ስድስት ዙር፣ በየዙሩ መካከል ሦስት ደቂቃ እየታረፈ፣ የብርጭቆዎቹ ቅደም ተከተል እየተቀያየረ ይደገማል። በግምት ብቻ ከስድስቱ ሁለቱን ማግኘት ይቻላል። አምስት ያገኘ ሰው በእውነት እየለየ ነው። አራት ያገኘ ዕድል ሊሆን ይችላልና በሚቀጥለው ወር ይድገመው።